ተቀባይ የሌለው አዳራሽ

«አቦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ያልኩሽ፤ ሃይማኖትሽን ካጂ አላልኩሽም። ትነሻለሽ፣ ሁለቱን ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ ሐምሌ ላይ አሰበ ተፈሪ ነሽ» አለ በለጠ፣ ድንች መላጡን ሳያቆም።

«የትኞቹን ሁለት?» አለችው ረዲያ፣ እንደማታውቃቸው ሆና።

«ከኋላ ቀር ልማድ ገና ስላልተላቀቅሁ የማኅበራችንን ስም አስነቅፌያለሁ። አንድ። ራሴን አርማለሁ። ሁለት። በቃ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛ የለም።»

«አለ እንጂ። እናቴ ያሳደገችኝ በነውር ነው የሚለው። አንደኛው ውስጥ ሸጉጠኸዋል።»

«እናትሽን ማን አነሳ? እናትሽ ለእኔም እናት ናት። ከትምህርት ቤት ስመጣ ጫት ተራ ላይ ኦቾሎኒ የምታዘግነኝ ማን ነበረች?» አለና ቢላዋውን አስቀመጠ። «እኔ እኮ ላስገባሽ ነው የምለፋው።»

እንቅልፍ ከሸሻት ሰንብቷል። ሌሊቱን ጣሪያ ስታይ አድራ ቀኑን እንደ ሰከረ ሰው ትውላለች፣ የነገር ሁሉ ጠርዝ ይደበዝዝባታል፣ የተማሪዎቹ ማደሪያ ማዕድ ቤት መስኮት የጫት ተራው ቆርቆሮ መስሎ ያብለጨልጭባታል፣ የቬትናም ልጆች ዓሣ የሚጠብሱበት መጥበሻ ሲጮህ ሂርና ላይ የቆመ የጭነት መኪና የተነፈሰ ይመስላታል፣ ቀና ስትል ግን ያው በለጠ ነው፣ ያው ድንች ነው፣ ከመስኮቱ ማዶ ያው ቮልጋ ነው፣ በረዶው በሚያዝያ ፀሐይ ተሰባብሮ እየተጋፋ ቁልቁል የሚነዳው። በለጠ የሳህሊቱ ልጅ ነው። የሳህሊቱ ሱቅና የረዲያ እናት የመይሙና የጫት መደብ ፊት ለፊት ናቸው፣ ሁለቱ ልጆች መካከል ላይ ባለው አቧራ ነው ያደጉት። እዚህ ሶቭየት ኅብረት ሲመጡ እሱ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፣ እሷ ሂስ የሚቀርብባት ተማሪ ሆነች። ክረምት ላይ አገሩ ገብቶ የሚመለሰው ማን እንደሆነ የሚወስነው ማኅበሩ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይሰበሰባል፣ ዛሬ ይወስናል፣ ዛሬ ያመለጠው ከዚህ የሚወጣው ትምህርቱን ሲጨርስ ነው። የመይሙና ዐይን ደግሞ እስከዚያ አይቆይም። ሞራው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ተሻግሯል።

«ዛሬ ማታ ኮንሰርት አለኝ» አለች ረዲያ።

«ኮንሰርት አለኝ ትላለች እንዴ። ቫዮሊን የምትመቺው አንቺ ነሽ?»

«የተማሪ ቲኬት እቆርጣለሁ።»

«በሳህን ሾርባ ዋጋ የሚሸጠውን። ጣሪያ ሥር ቆመሽ የምትሰሚውን። ለሱ ብለሽ ነው እናትሽን የማታዪው?»

«ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ቢሆንስ?»

የአሰበ ተፈሪ ልጅ ሆኖ፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ከሱቁ ጀርባ ሐሙስ ሐሙስ ድቤ ሲመታ እየሰማ ተኝቶ አድጎ፣ ሐሙስ ቢሆንስ ካለ ምን ትለዋለች። ካፖርቷን አንስታ ወጣች፣ ደረጃውን ወረደች፣ በር ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ ወዴት ነው አለቻት፣ የስልክ ቀጠሮ አለኝ አለችና አለፈች።

የኮንሰርቱን አዳራሽ መጀመሪያ ያገኘችው ብርድ ስትሸሽ ነው። የመጣች ሰሞን ሐሙስ ማታ ክፍሏ ውስጥ መቀመጥ ያቅታት ነበር፣ ትወጣለች፣ መንገዱን ይዛ ዝም ብላ ትሄዳለች፣ አንድ ቀን ዓምድ በዓምድ የሆነ ትልቅ ቤት ፊት ሰዎች ቆመው አላፊ አግዳሚውን ትርፍ ቲኬት አለህ፣ ትርፍ ቲኬት አለሽ እያሉ ሲለምኑ አየች፤ ካፖርት የለበሱ፣ ጫማቸውን የወለወሉ ሰዎች፣ የሚለምኑትም ዳቦ አይደለም፣ ሙዚቃ ነው። ደንግጣ ቆመች። ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ያወረደች አንዲት ተማሪ ክንዷን ይዛ ወደ ጎን ጎተተቻት፣ ከድንጋይ ከሰሉ ክምር አጠገብ ራስ የማያስገባ ትንሽ መስኮት አለ፣ መታወቂያሽን አሳዪ፣ አሳየች፣ ለተማሪ ነው ተባለች፣ ብጣቂ ወረቀት እጇ ላይ ወደቀ፣ ደረጃ ወጣች፣ ደግሞ ወጣች፣ ጣሪያው ሥር ካለ ምሰሶ አጠገብ ቆመች። ታች ቀስቶቹ ሁሉ አንድ ላይ አጎነበሱ፣ አንድ ላይ ቀና አሉ፣ የበደሳ ማሽላ ነፋስ ሲያልፍበት እንዲያ ነው የሚሆነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቀርታ አታውቅም። ወንበር አያስፈልጋትም። የሚጫወቱትን የሠራው ማን እንደሆነ አትጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የከነከናት፣ ያም መጀመሪያ ቀን ነው የከነከናት፣ ይሄ ሁሉ ሰው ዝም ማለቱ። አውጪው ያወጣል፣ ያወጣል፣ ተቀባይ የለም። ሰዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሬሳ የሚጠብቁ ይመስል ቁጭ ብለዋል፣ ሲያልቅ ብቻ ያጨበጭባሉ፣ ሲያልቅ ቢያጨበጭቡ ለማን ይጠቅማል፣ ሰውየው መሐል ላይ ብቻውን ቀርቶ።

ቤታቸው እንዲያ አይደለም። ሐሙስ ማታ የሰፈሩ ሼህ ዓሊዩ ዚክሪውን፣ የውዳሴውን ዜማ፣ ያወጣል፣ ወንዶቹ ከድቤው ጋር ይቀበላሉ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀበላሉ፣ ከሴቶቹ ደግሞ የመይሙና ድምፅ አለ፣ ወፍራምም ቀጭንም ያልሆነ፣ ሌሎቹ ሲጨርሱ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣ። ሼህ ዓሊዩ ያንን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ዐይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ረዲያ በእናቷ ጭን ላይ ሆና ድምፁ ከእናቷ ሆድ ተነስቶ በጀርባዋ በኩል ሲመጣ ይሰማታል፣ ገና አንድም ቃል ሳታውቅ ይሰማታል፣ ሰው ሲያወጣልሽ ዝም ካልሽ ትላታለች እናቷ፣ ሰላም ብሎሽ ፊትሽን እንዳዞርሽበት ነው፣ ከድንጋይ ጋር እንዲያወራ ትተሽው እንደሄድሽ ነው። ረዲያ ይሄን ስታስብ ትራሙ ደረሰ፣ ትራሙ ውስጥ ነች፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ሕፃኑ ያያታል፣ እሷም ታየዋለች።

ያን ሐሙስ፣ ነገሩ የሆነበትን ሐሙስ፣ ምንም አላቀደችም። ዝግ ያለው የሙዚቃው ክፍል መጣ፣ ቫዮሊኖቹ አንድ ነገር አወጡ፣ ደገሙት፣ ዝቅ እያደረጉ ደገሙት፣ ከዚያ አንዲት ድምፅ ብቻ ቀረች፣ እሷም ጠፋች፣ የመሪው እጅ ግን አየር ላይ ነው። አልወረደም። ይጠብቃል። ማንም ሰው ያየው ነበር፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው፣ ሁለት ሺህ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ሰው አይቀበልለትም። ረዲያ ተቀበለችለት። የመጨረሻዋን ጫፍ ይዛ፣ እንደ እናቷ ትንሽ ቆይታ፣ ከሆዷ መለሰችለት። አዳራሹ ትልቅ ነው፣ ጣሪያው ደግሞ ድምፅ ይወዳል፣ ድምፅዋ ሄዶ ተመለሰ። ራሶች ዞሩ። አንድ ሰው ሳቀ። መሪው እጁን እንዳነሳ ዞሮ ወደ ላይ አየ፣ የተቆጣም አይመስል፣ የሳቀም አይመስል፣ አየ ብቻ። ከዚያ በር ጠባቂዋ አሮጊት ክርኗን ይዛ ወደ ደረጃው አወጣቻት፣ ስሟንም ከመታወቂያዋ ላይ ጻፈች። በማግስቱ አዳራሹ የምትማርበት ተቋም ጋ ደወለ፣ ተቋሙ በለጠን ጠራ፣ ከእናንተ አንዷ ሰክራ ረበሸች አሉት። አልሰከረችም ብሎ ተከራከረላት፣ ይሄ አይካድም። ግን ባትሰክር ምን ሆና ነው ሲሉት ወደ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሄደ።

ሰካራም ቢሏት ትመርጥ ነበር።

ከትራሙ ወርዳ የገባችበት ቴሌ ውስጥ ሰው ሁሉ የየራሱን ከተማ ስም ይጠብቃል። ሴትዮዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ «አሰ፣ አሰቤ» አለች፣ ቀሪውን ትታ በጣቷ ወደ ጥጉ ክፍል ጠቆመች። ረዲያ ገባች፣ ቀፎውን አነሳች፣ ነፋስ፣ ፉጨት፣ ሩሲያኛ፣ አማርኛ የምትናገር ሴት አዲስ አበባ ላይ፣ ደግሞ ነፋስ።

«ረዲያ? ረዲያ ነሽ?»

«ነኝ አዮ» አለች እናቷን። «አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። በላሽ?»

«በላሁ።»

«ምን?»

«ድንች።»

«አሁንም ድንች። አገሩ ሌላ አያበቅልም እንዴ?»

«ጎመንም አለ። ዐይንሽስ አዮ?»

«አለ። ቀኙ ጥላ ያያል፣ ግራው ትቶታል። ጎረቤታችን ኩብራ ናት እጄን ይዛ ያመጣችኝ፣ እዚህ አጠገቤ ናት፣ ሰላም ትልሻለች። የቦኬን ጫት የሂርና ነው ብለው ሊሰጡኝ ይሞክራሉ አሁን። ዕውር አደረጉኝ።» ሳቀች። ሳቋ ከድምፅዋ ዘግይቶ መጣ። «ስሚ፣ ሳህሊቱ ሁሉን ነግራኛለች። ልጇ ደውሎላት ነበር።»

ረዲያ ግንባሯን በመስታወቱ ላይ አስደገፈች። እንግዲህ በለጠ በእናቶቹ በኩል ዞሯል። እዚህ ሊቀ መንበር፣ እዚያ የሳህሊቱ ልጅ።

«ምን አለችሽ?»

«ሁለት ቃል ናት አሉ። በያትና ነይ።»

«ምን እንድል እንደሆነ ነግረውሻል?»

«ነግረውኛል። በአፍ ነው ልጄ። ልብ የአላህ ነው። በአፍ የሚባል ስንት ነገር አለ።»

«አንቺም በአፍ ነበር ያልሽው።»

መስመሩ ውስጥ ነፋስ ብቻ ቀረ፣ ረዲያ ነፋሱ ውስጥ ያለውን ክፍል ታየዋለች፣ የአሰበ ተፈሪን ቴሌ ሳይሆን የቀበሌውን አዳራሽ፣ አብዮቱ ትኩስ ነው፣ ሐሙስ ማታ ከእንግዲህ የውይይት ክበብ ነው ተብሏል፣ ዚክሪ የሚባለውን ያዘወተሩ ይነሱ ተብሏል፣ ወንዶቹ ተነስተው ቃሉን ብለዋል፣ ሼህ ዓሊዩ ታምሜያለሁ ብሎ ቀርቷል፣ መይሙና ትነሳለች፣ ሻሿን ታጠብቃለች፣ ከኋላ ቀር ልማድ ትላለች፣ ቃሉን አታውቀውም፣ በሹክሹክታ እያቀበሏት ትላለች፣ እጆች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ መፈክር ይባላል፣ አለቀ። ምንም አልሆነም። ማንም አልታሰረም። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነገሩ ሲረሳሳ ሂርና አክስቷ ቤት በር ተዘግቶ ዚክሪ ተጀመረ፣ ሼህ ዓሊዩ አወጣ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ረዲያ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እናቷ አፏን ከፍታ ነበር፣ የወጣ ድምፅ ግን የለም። ጠበቀ። ደግሞ አወጣው፣ ደግሞ ጠበቀ። ከዚያ ሌላ ሴት ተቀበለችና አለፈ። ሲመለሱ መኪናው ላይ ጫት ጆንያ ተደግፋ ጉሮሮዬን ብርድ መታኝ አለች መይሙና። ያ ብርድ አልለቀቃትም። ጫት ስትሸጥ ድምፅ አላት፣ ስትጣላ አላት፣ ስትስቅ አላት። ለዚያ ብቻ የላትም።

«ለማን ብዬ ነበር ያልኩት?» አለች መይሙና በመጨረሻ። ድምፅዋ ቀርቦ ነበር። «ያን ጊዜ አንቺ ተማሪ ነሽ። የእናትሽ ስም እዚያ ቢበላሽ አንቺ ዛሬ እዚያ አገር ትደርሺ ነበር? ምን ማለት ነበረብኝ?»

«አውቃለሁ አዮ።»

«ታውቂያለሽ። እኔ ላንቺ ብያለሁ፣ አንቺ ለእኔ በይ።»

ይሄን አልጠበቀችም። መስታወቱ በትንፋሿ ታፍኖ ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች ጠፉ። በይ የምትላት ሴት እኮ በቃ ፊቷን ማየት ነው የምትፈልገው፣ ቀኙ ዐይን ጥላ ማየቱን ሳያቆም፣ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዙራ፣ ይሄ ምን ነውር አለው፣ ይሄ ከአዳራሽ ከቫዮሊን ከሁሉ አይበልጥም እንዴ፣ ይበልጣል፣ ይበልጣል እንጂ። ብላስ ብትሄድ። ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ጫት ተራውን አቋርጣ፣ እናቷ አገጯን ይዛ አየቻት እንበል፣ ከዚያስ። ሁለት የተዘጋ ጉሮሮ አንድ ቤት ተቀምጦ። ሐሙስ ሲመጣ አንዷ ሌላዋን እያየች።

«አልልም አዮ።»

ነፋስ።

«አልልም። ባንቺ ላይ አልልም።»

«እንደ አባትሽ ነሽ» አለች መይሙና። ተቆጥታ ይሁን ሌላ አይታወቅም። «እሱም ግድግዳ ነበር። ኩብራ፣ ሰዓቱ አልቋል ወይ? አላለቀም ትላለች። ... አንቺ ልጅ።»

«አቤት።»

«ብርድ ነው እዚያ?»

«በረዶው እየቀለጠ ነው።»

«ቢሆንም ልበሺ» አለች። ከዚያ መስመሩ ሄደ፣ አዲስ አበባ ያለችው ሴት ጨርሳችኋል አለች፣ ጨርሰናል አለች ረዲያ።

ከዚያ ትራም አልያዘችም። ወንዙን ይዛ በእግሯ ሄደች፣ በረዶው እርስ በርሱ ሲፋጭ ይሰማል፣ እየሄደች ትከራከራለች፣ መጀመሪያ ከበለጠ ጋር፣ ቀጥሎ ከማኅበሩ ጋር፣ ማንኛቸውም አይመልሱላትም፣ ቀጥሎ ከእናቷ ጋር፣ እናቷ ትመልስላታለች፣ ሁልጊዜ ረትታ ትመልስላታለች፣ እሷ ግን አልተመለሰችም። ኋላ ቀር። ማን ከማን ኋላ። እንባዋ መጥቶ ከሆነም በነፋሱ ነው። አዳራሹ ፊት ትርፍ ቲኬት የሚለምኑት ሰዎች ቆመዋል፣ አልፋቸው ወደ ጎን ዞረች፣ ከድንጋይ ከሰሉ አጠገብ ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል፣ ተሰለፈች። ስትደርስ መታወቂያዋን በመስኮቱ አስገባች። ውስጥ ያለው እጅ መታወቂያውን ያዘና ቆየ። ከአዳራሹ ደውለው ስሜን ሰጥተዋቸው ከሆነ አለች በልቧ፣ እዚሁ ቆሜ እሰማለሁ፣ በድንጋይ ከሰሉ በኩል። እጁ መታወቂያውን መለሰላት፣ ከላዩ ብጣቂ ወረቀት አለ።

ላይ፣ የመጨረሻው በር ላይ፣ ያችው አሮጊት ቆማለች፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ። ረዲያን አየች። ወረቀቱን አልተቀበለቻትም።

«አንቺ ነሽ» አለች በሩሲያኛ።

«እኔ ነኝ።»

«ሥራዬን ልታሳጪኝ ነበር። ዛሬ ዝም እላለሁ በይና ግቢ።»

ረዲያ ሳቋ መጣ። እዚህም። እዚህ ጣሪያ ሥርም።

«አልልም።»

«ምን ማለት ነው አልልም? ትጮኺያለሽ?»

«አልጮኽም። አልጮኽኩምም። ዝም እላለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም። ቲኬት ይዣለሁ።»

አሮጊቷ ወደ ታች አየች፣ ወደ ረዲያ አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች። «እንግዲያው ከምሰሶው ኋላ ቁሚ» አለች። «ከዚያ ድምፅ አይሄድም።»

«ከፊቱ ነው የምቆመው።»

«እግዜር የፈጠረሽ ለእኔ ፈተና ነው» ብላ ወረቀቱን ነጥቃ ቀደደችው፣ ግማሹን መለሰችላት። ያኔ ደረጃው ላይ የሚሮጥ እግር ተሰማ። በለጠ ነው፣ ካፖርቱ ተከፍቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ መተላለፊያውን ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ ዘጋው፣ ማንም የሚያልፍ ባይኖርም።

«አጀንዳሽን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ» አለ እየለከለከ። «አሁን ብንሮጥ እንደርሳለን። ካልፈለግሽ እኔ አነበዋለሁ፣ አንቺ ራስሽን ብቻ ነቅንቂ።»

«አንተ አቦ፣ እናቴ ጋ በእናትህ በኩል ሄድክ።»

«በማን ልሂድ ታዲያ? አንቺ ትሰሚያለሽ?»

«እሷም በይ አለችኝ።»

«አላልኩሽም?»

«እሷንም አልልም አልኳት።»

በለጠ እጆቹን አወረደ። ከታች መሣሪያ የሚቃኙት ሰዎች ድምፅ መጥቶ በመካከላቸው ገባ፣ ሁሉም አንዲቱን ድምፅ እየፈለጉ።

«መይሙናን አልልም አልሻት» አለ፣ ለራሱ ይመስላል።

«አልኳት።»

«እንግዲያው እኔ ምን ልበል? ታማለች ልበላቸው። ታማ ተኝታለች ብል ነገሩ ለሳምንት ይተላለፋል፣ በሳምንት ውስጥ ደግሞ...»

«አልታመምኩም። ኮንሰርት ገባች በላቸው።»

«እሱን ካልኩ ሐምሌ የለም፣ ረዲያ። ይገባሻል? የለም ነው።»

«ይገባኛል።»

ታች ያለው ድምፅ ሁሉ ቀስ እያለ ወደ አንዱ ተሰበሰበና ጸጥ አለ። መብራቱ ዝቅ አለ። አሮጊቷ ወይ ውስጥ ወይ ውጭ፣ እኔ በር ልዘጋ ነው አለች፣ በለጠ ሩሲያኛውን ሰምቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄዶም ቆመ፣ እንደ ልጅነቱ አንገቱን አጋድሞ አያት።

«ተዪ እሺ፣ ማኅበሩን ተዪው» አለ። «ሳህሊቱ ነገ ትደውላለች። መይሙና አጠገቧ ትሆናለች። እኔ ምን ብዬ ነው የ...»

ረዲያ ወደ ውስጥ ገባች፣ መዝጊያውን ከአሮጊቷ እጅ ተቀብላ ወደ ራሷ ሳበችው፣ በሩም ተዘጋ።